የሩይሊን በር

ፕሮፌሰር ሻኦ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ አነሳው፤ እጁ ግን ነጩ ወረቀት ላይ አላርፍ አለ። በመንደሩ ሰው ሲሞት በር ላይ የሚለጠፈውን የስንብት ቃል የሚጽፈው የተማረው ሰው ነው። ከዚያች መንደር ደግሞ እንደ ሻኦ የተማረ የለም።

"ጻፍ እንጂ ልጄ!" አሉ አጎቱ ደሹን። "ስብሰባ ላይ ስትናገር እንዲህ አትጨነቅም አሉ።"

ለቀስተኛው ፈገግ አለ። ሻኦ ብሩሹን እንደገና ቀለም ውስጥ ነከረ። ባለፈው ዓመት በከተማው ስብሰባ፣ ወንዙ ዳር ስላለው የቀለም ፋብሪካ ሲጠየቅ "የመንደሩ ውሃ አያሰጋም" ያለው እሱ ነው። የመረመረው ግን ፋብሪካው በጠርሙስ ሞልቶ የላከለትን ውሃ ነበር። እኔ ራሴ ልቅዳ አላለም፤ የሻኦን ላቦራቶሪ ወጪ የሚችለው ፋብሪካው ነበርና አፉን ያዘ። አሁን ሳጥን ውስጥ የተኛው ሩይሊን አብሮ አደጉ ነው፤ ጉበቱ ታሞ ሞተ።

ውሃው ይግደለው አይግደለው ሻኦ አያውቅም። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው፤ ማወቅ ሥራው ነበር።

የሟች ሚስት ሜይፌን ሻይ አቀረበችለት።

"በታሸገ ውሃ ነው ያፈላሁልዎ። የኛ ጉድጓድ ለእንግዳ አይሆንም፣ ጠረኑ ተለውጧል።"

"እናንተስ?"

"እኛማ እንጠጣዋለን። ሩይሊን ፈርቶ ነበር። እርስዎ አያሰጋም ማለትዎን ሲሰማ ግን፣ 'ሻኦ ካለ አለቀ፣ እሱ አይዋሽም' አለኝ።"

ብሩሹ ከእጁ አምልጦ ወረቀቱን አጠቆረው።

"ሌላ ወረቀት አምጡ!" አሉ ደሹን።

"አጎቴ፣ እርስዎ ይጻፉለት።"

"እኔ? የኔ ጽሑፍ እኮ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስል! ሰው ምን ይለናል?"

ሻኦ ወደ ሜይፌን ዞረ።

"ያን ቃል የተናገርኩት ጉድጓዳችሁን ሳላይ ነው። ፋብሪካው ያመጣልኝን ውሃ መርምሬ ነው። ዋሽቻለሁ።"

ሜይፌን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ያልተነካውን ሻይ ከፊቱ አነሳችና ደጅ ደፋችው።

"ጉድጓዱ ያውልህ" አለችው።

ሻኦ ከጓዳ ባዶ ጠርሙስ ፈልጎ ወጣ። አጎቱ ተከትለው ገመዱን ሊይዙለት እጃቸውን ዘረጉ።

"ይተዉት፣ አጎቴ" አለ፤ "በራሴ እጅ ልቅዳ።"