አንድ የተሰረዘ ጨዋታ

እናቷ በተቀበረች በዘጠነኛው ቀን ልጇ የቦውሊንግ አዳራሹን ደረጃ ወጣች። የመጣችው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ የእናቷን ስም ግድግዳው ላይ ለማጻፍ።

ከመግቢያው ፊት ለፊት የማኅበሩ ባለውለታዎች ስም በነጭ ቀለም የተጻፈበት ጥቁር የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። እናቷ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ያንን ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል ኖራለች። ያለ ደመወዝ ውጤት የምትመዘግብ እሷ፣ ለጀማሪ የኳስ አያያዝ የምታሳይ እሷ፣ ስንት ሰው ያላበበትን የአዳራሹን ጫማ አንድ በአንድ የምትጠርግ እሷ። ከጆሮዋ ጀርባ እርሳስ ስለማይጠፋ ተጫዋቹ ሁሉ «እትዬ እርሳስ» ይላት ነበር። በመጨረሻው ሳምንት፣ አልጋ ላይ ሆና፣ «እንግዲህ ሰሌዳው ላይ ሳትጽፉኝ አትቀሩም» ብላ ሳቀች። ለራሷ አንድ ነገር ስትጠይቅ ልጇ ሰምታ አታውቅም።

የማኅበሩን ሊቀ መንበር «ዘጠኝ» ይሉታል። በኳስ ከሚጣሉት አሥር ፒኖች ዘጠኙን ይጥልና አንዷ ሁልጊዜ ቆማ ታየዋለች።

«ልጄ፣» አላት ወንበር እየሳበላት፣ «በእኔ ቢሆን ዛሬውኑ ባስጻፍኩ። ግን ደንብ አለ።»

«የምን ደንብ?»

ከመሳቢያው አንድ የወየበ ወረቀት አወጣ። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ቢያንስ አንድ ጨዋታ በስሙ የተመዘገበለት ሰው ብቻ ነው ይላል። የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«አንድ ነጋዴ ሃያ ጥንድ ጫማ ሰጥቶ ስሜ ካልተጻፈ ብሎ ድርቅ ሲል ነው ያወጣችው፤» አለ ዘጠኝ። «‹ሰሌዳው የተጫዋች ነው› ብላ ሸኘችው። ያኔ አጨብጭበንላታል።»

«ጋሼ፣ እሷ መቼ ትጫወት? እናንተን ስትመዘግብ አይደል እንዴ ዕድሜዋ ያለቀው?»

«እሱስ እውነትሽን ነው። እስቲ ወረቀቶቿን እዪ። አንድ ጨዋታ ብታገኚ ይበቃል። አንድ!»

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል። እናቷ ግን ምንም ነገር ግማሽ አድርጋ አታውቅም።

ልጇ ከምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ፈቃድ ወስዳ የእናቷን ቤት ከፈተች። ካርቶኖቹ አልጋ ሥር አሉ፣ ቁም ሣጥን ላይ አሉ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳይቀር አሉ። ቀኑን እያየች ወረቀት ታገላብጣለች። ይኼ ቅዳሜ የራሷ እግር ተሰብሮ፣ እናቷ «ቅዳሜ ሥራ አለብኝ» ብላ ስለሄደች ጎረቤት ያደረችበት ነው። ይኼኛው አባቷ ሻንጣውን አንሥቶ «ከኳስሽ ጋር ኑሪ» ብሎ የወጣበት ነው፤ በዚያ ቀን እናቷ የሃያ ሁለት ሰው ውጤት ያለ አንድ ስርዝ መዝግባለች።

በሦስተኛው ቀን አገኘችው። ሰው የጎደለበት ቡድን ኖሯል፤ በጎደለው ረድፍ የእናቷ ስም ተጽፏል። መቶ አርባ አንድ ነጥብ። በሰባተኛው የውጤት ሣጥን አሥሩንም ፒን በአንድ ኳስ ጥላ፣ ምልክቱን ከሌሎቹ ሁሉ ጎላ አድርጋ ጽፋዋለች። ልጇ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀጥሎ ግን ረድፉ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ እንደተሰረዘ አየች። ከሥሩ «መዝጋቢ የራሷን ውጤት መመዝገብ አትችልም» ይላል።

ከዚያ ቀኑን አየች። የራሷ የምረቃ ቀን ነው።

«ተተኪ መዝጋቢ አጣሁ፤ ከጠረጴዛው ከተነሣሁ ውድድሩ ይበላሻል» ብላት ነበር እናቷ። ልጇ በዚያ ቀን የምረቃ ልብሷን ለብሳ ብቻዋን ፎቶ ተነሥታለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴ ሥራ ይዟት ነው ስትል ኖረች። ለካ ከጠረጴዛው ተነሥታ ኖሯል። ለካ መነሣት ይቻል ኖሯል።

ወረቀቱን ቀዳድዳ ልትጥለው አሰበች። ደግሞ እናቷ አልጋ ላይ ሆና የሳቀችው ሳቅ ትዝ አላት። በማግስቱ ይዛው ሄደች።

ዘጠኝ አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ በሩን ዘጋ። «በእርሳስ እኮ ነው የሰረዘችው፤» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ላጲስ እዚያ ጋ አለ። እኔ አላየሁም።»

ልጇ ላጲሱን አንሥታ ፈገፈገች። ቁጥሮቹን እንዳትነካ እየተጠነቀቀች፣ መስመሩንም ከሥር ያለውንም ጽሑፍ አጠፋች። ዘጠኝ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሣው። እናቷ ስትሰርዝ ጨክና ኖሯል፤ እርሳሱ ከዳር እስከ ዳር ወረቀቱን ሰርጉዶታል።

«ይታያል፤» አለ። «ኮሚቴው አይቀበለውም። እውነቱን ልንገርሽ? እሷ ራሷ ብትኖር አትቀበለውም ነበር።»

ይኼ ነው ያንገበገባት፤ እውነት መሆኑ።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር፤» አለች።

ዘጠኝ አንገቱን ደፋ። «ልጄ፣ በዚህ ሰዓት አይባልም መቼም... ቅዳሜ ውድድር አለን። መዝጋቢ የለንም። የእናትሽ ልጅ ነሽ፣ እጅሽም ያው እንደሷ ነው...»

ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለችውና አጠፈችው።

«ቅዳሜ ሥራ አለብኝ፤» አለችው።

ደረጃውን እየወረደች ነው ያስተዋለችው፤ የእናቷ ቃል ነው። ድምፁ ሳይቀር የእሷ ነው። ቅዳሜ ምንም ሥራ አልነበራትም።