ፍሬን የሌለው ካይት

ካይቱ ዛሬም በአፍንጫው መሬት ላይ ተተከለ። ሹፌሩ የያዛቸውን ሁለት ገመዶች አላልቶ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ ድንች እየተከልን ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ አብሮት የሚለማመደው ቁልፍ ሠሪ ከሜዳው ማዶ።

«ሲበቅል ታየዋለህ!» አለ ሹፌሩ፤ በድምፁ ውስጥ ግን ቀልድ አልነበረም።

ሹፌር ይሉታል እንጂ መንዳት ካቆመ ቆይቷል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ያገኘው ሰው ሁሉ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፤ አረፍ በል። ልጁ አረፍ በል ይለዋል፣ ጎረቤቱ አረፍ በል ይለዋል፣ ሶፋው እንኳ አፍ ቢኖረው ይህንኑ የሚለው ይመስለዋል። ማረፉ ሰልችቶት ከቤት የወጣ ዕለት ነው ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ አንዲት ሴት ሁለት ገመድ ይዛ፣ ክንፉ ከእሷ ቁመት የሚበልጥ፣ ካይት የሚሉትን የጨርቅ ወፍ በሰማይ ላይ ስታሽከረክር ያየው። ሴትዮዋ የጥርስ ሐኪም ነበረች። ቆሞ አየ፤ በማግስቱም መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው! ቀኙን ሲስቡ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ሲስቡ ወደ ግራ፤ ለሹፌር ይህ ምን ይከብደዋል? ማዞሩን፣ መገልበጡን፣ ስምንት ቁጥር መሥራቱን ሳይውል ሳያድር ለመደው።

ያቃተው ማሳረፉ ነው።

ሐኪሟና ቁልፍ ሠሪው እሱን ሦስተኛ አድርገው እሁድ በሕዝብ ፊት ሊያበሩ አስበዋል። የትርዒቱ መደምደሚያ ሦስቱም ካይቶች እኩል ወርደው በሁለት ክንፋቸው ጫፍ፣ አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው መቆማቸው ነው። ካይቱን ሣሩን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ዝቅ አድርገው ወደ ጎን ይነዱታል። ከዚያ አንዱን ገመድ በድንገት ሳብ አድርገው አፍንጫውን ቀና ያደርጉና፣ ወዲያው ሁለቱንም እጅ ወደ ፊት ዘርግተው ወደ ካይቱ ይራመዳሉ። ገመዱ ሲላላ ነፋሱ ከጨርቁ ይወጣል፤ ካይቱም ቁጭ ይላል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ሐኪሟ የካይቱን የተሰበረ ዘንግ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ዘንግ ጨረስን እኮ።»

«አየሁት።»

«ነገ ጠዋት አንዴ አብረውን አሳርፈው ካላሳዩኝ፣ እሁድ የምናበረው እኔና እሱ ብቻ ነን። እርስዎ ማይክሮፎን ይይዛሉ።»

«ማይክሮፎን!»

«ድምፅዎ ያምራል።»

«ዶክተር፣ ጥርስ ስትነቅዪም እንዲህ ነው የምታባብዪው?»

«ስነቅል አላባብልም» አለችና ሄደች።

ማይክሮፎን መያዝ ማለት መቀመጥ ማለት ነው። ወንበር ይሰጡታል፤ ጥላ ሥር ያደርጉታል። እዚያም አረፍ በል ሊሉት ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሚስቱ የፀጉር ቤቷን ቀደም ብላ ዘግታ፣ የምትታጠፍ ወንበሯን ይዛ ወደ ሜዳው መጣች። «እስቲ ከቤት ያስወጣህን ነገር ልየው» ብላ ተቀመጠች። እሱ ካይቱን አስነሣ፣ አዞረ፣ ዝቅ አደረገ፤ ካይቱም እንደ ልማዱ ተተከለ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተተከለ። እሷ አፏን ይዛ ትንፈቀፈቃለች።

«ምን ያስቅሻል?»

«እግርህን አይተኸዋል?»

«እግሬ ምን ሆነ?»

«ፍሬን ይይዛል።»

ወደ ታች አየ። ከቀኝ ጫማው ሥር ሣሩ ተልጦ አፈሩ ወጥቷል። በሌላው እግሩ ሥር ግን ሣሩ እንዳለ ነው።

«ልጃችን ሲነዳ ከጎኑ ሆነህ የመኪናውን ወለል እንደምትረግጠው እኮ ነው» አለች። «ካይቱ መሬት ሲቀርብ ትረግጣለህ። ስትረግጥ ወደ ኋላ ትለጠጣለህ፤ ስትለጠጥ ገመዱን ትስባለህ። ያ ምስኪን ደግሞ ፍጠን ያልከው መስሎት ይምዘገዘጋል።»

«እኔ አንድ ሰው ሳልገጭ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ እግር ነው!»

«እሱማ አውቶቡስ ነው። ይሄ ሲጎትቱት የሚብስበት፣ ሲጠጉት የሚረጋ ነገር ነው። እንደ አንዳንድ ባል።»

ሊቆጣ አሰበ፤ ግን የተላጠውን ሣር እንደገና ሲያየው ሳቁ አመለጠው።

እራት ከበሉ በኋላ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ያለውን ኮሪደር ባዶ አደረጉት። እሷ በነጠላ ጫማ አንደኛው ጫፍ ላይ ቆማ የገመዶቹን ጫፍ ያዘች። «ካይቱ እኔ ነኝ። እኔ እስባለሁ፤ አሁን ስልህ ወደኔ ትመጣለህ።»

«ገባኝ።»

«አሁን!»

ሹፌሩ በቀኝ እግሩ ወለሉን ደልቆ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ሚስቱ እየተንደረደረች መጥታ ደረቱ ላይ ተለጠፈች።

«ገደልከኝ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ጥሩ ካይት ነሽ፤ ትፈጥኛለሽ።»

እንደዚያው ቀጠለ። አእምሮው ሂድ ይለዋል፣ እግሩ ግን ቀድሞ ይረግጣል። በመጨረሻ እሷ ከሥራ ቦርሳዋ የፀጉር ብሩሽ አወጣች። የሹፌሩን ጫማና ካልሲ አስወለቀችና ብሩሹን ጥርሱን ወደ ላይ አድርጋ ልክ ቀኝ እግሩ በሚደልቅበት ቦታ አስቀመጠችው።

«አሁን!»

«ወይኔ እግሬ!»

«ፍሬኑን ጠየቅኩህ? አሁን!»

«ኧረ በሕግ! ሰው በገዛ ቤቱ...»

«አሁን!»

ከላይ ያለው ተከራይ ወለሉን እስኪያንኳኳ ድረስ እንዲህ ቆዩ። መጨረሻው አካባቢ ግን አንድ ነገር ሆነ። «አሁን» ስትለው ቀኝ እግሩ መሬቱን ሳይነካ አመነታ፤ ግራው ቀደመና ብሩሹን ተሻግሮ ወደ እሷ ሄደ። ገመዱ በመካከላቸው ወለሉ ላይ ተኛ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት።

ቅዳሜ ጠዋት ካይቱ ቆመ። ተንገዳግዶ፣ አንዱ ክንፉ ጎንበስ ብሎ፣ ግን ቆመ። ሐኪሟ አላመሰገነችውም። «ማይክሮፎኑን የሚይዝ ሰው ልፈልግ» ብቻ አለች።

እሁድ ሜዳው በሰው ተሞላ። ነፋሱም ከሰው ጋር የመጣ ይመስል፣ በልምምድ ቀን አይተውት የማያውቁት ብርቱ ነፋስ ነበር። ባንዲራዎቹ ይርገበገባሉ። ቁልፍ ሠሪው እንኳ መቀለዱን ትቶ የእጅ ማሰሪያውን ደጋግሞ ያጠብቃል። ሦስቱ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሹፌሩ መሐል።

ተነሡ። ሦስቱ ካይቶች በአንድ ሰው እጅ የተያዙ ይመስል ተከታትለው ዞሩ፣ ተገለበጡ፣ ተሻገሩ። ገመዱ በነፋሱ ውስጥ ያፏጫል። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ሹፌሩ አልሰማም፤ የሚሰማው የሐኪሟን ድምፅ ብቻ ነው።

«እንውረድ!»

ሦስቱም ዝቅ አሉ። ሣሩን እየላሱ ወደ ጎን ከነፉ።

«አሁን!»

ሹፌሩ የግራውን ገመድ ሳብ አድርጎ የካይቱን አፍንጫ አቀና፤ ሁለቱንም እጁን ወደ ፊት ዘረጋ፤ በግራ እግሩ ተራመደ። ካይቱ ግን አልቆመም። ነፋሱ ጨርቁን ሞልቶት ገመዱ እንደተወጠረ ነው፤ አንድ እርምጃ ምንም አላላላውም። ካይቱ ሊሾልክ ክንፉን አዘነበለ። የሹፌሩ ገላ ሁሉ፣ ከተረከዙ እስከ መንጋጋው፣ ርገጥ አለው።

ሮጠ። ወደ ፊት ሮጠ። እጆቹን ፊት ለፊት ዘርግቶ፣ በኖራ የተሠመረውን መስመር ዘሎ፣ ሐኪሟንና ቁልፍ ሠሪውን ከኋላው ጥሎ፣ ሊያቅፈው የሚሄድ ይመስል ወደ ካይቱ ሮጠ። ኮፍያው ወደቀ። ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው «ምን ሆነ ሽማግሌው?» አለ። ያኔ ገመዱ ረገበ። ነፋሱ ከጨርቁ ወጣ። ካይቱ አየር ላይ ለአፍታ ግራ ተጋብቶ፣ ቀስ ብሎ ወረደና በሁለት ክንፉ ጫፍ ሣሩ ላይ ቆመ።

ሹፌሩም ቆመ። እያለከለከ ወደ ግራ አየ፤ የሐኪሟ ቆሟል። ወደ ቀኝ አየ፤ የቁልፍ ሠሪውም ቆሟል። ሦስት አፍንጫ ወደ ሰማይ።

ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ሚስቱ ወንበሯ ላይ ወጥታ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ታፏጫለች፤ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ማፏጨት እንደምትችል ነግራው አታውቅም። ቁልፍ ሠሪው፣ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ይጮሃል።

ሐኪሟ ካይቷ እንዳይወድቅ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ጋሼ፣ ሰዎቹ አንዴ ይድገሙልን ይላሉ። ደክሞዎት ከሆነ ግን...» አለች።

«ለምን አንዴ?» አለ ሹፌሩ።

የረገበውን ገመድ እያቃና፣ ፊቱን ከካይቱ ሳያዞር፣ ወደ ኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። እግሮቹን ከፈት አድርጎ ቆመና ሁለቱን እጆቹን ወደ ደረቱ ሳበ። ካይቱ ከሣሩ ላይ ተመንጥቆ ወጣ።