ቀንዱን የተከልሁበት ስጋጃ

ገጠር፣ ጥርባ በነበረው ቤቴ አርባ ዓመት የብራና መጽሐፍ ስጽፍ፣ የቀለም ቀንዶቼ በመሬቱ ላይ ተተክለው ነበር የሚቆሙት፤ የጥቁሩ በቀኝ፣ የቀዩ በግራ። ለቀንድ መቆሚያ ከአፈር ወለል የተሻለ የለም። ሹል ጫፉን ጫን ካደረጉት ሥር እንደ ሰደደ ይጸናል። እጄ ይህን ልማድ ከዓይኔ ይልቅ ያውቀዋል፤ ያሳተኝም ይኸው ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው እንጅባራ፣ ከልጄ ከአበረና ከሚስቱ ከትዕግስት ጋር ነው። ትዕግስት ሰባት ዓመት ልጅ አጥታ ስትኖር፣ ልጅ ብታገኝ ለቅኔ ማኅሌቱ ስጋጃ ልታገባ ለጽዮን ተስላ ነበር። ባለፈው ሰኔ ወንድ ልጅ ታቀፈች። ስጋጃውም ተገዛ፤ ነጭ የሱፍ ስጋጃ፣ ዳር ዳሩ እንደ ደረሰ ገብስ ቢጫ። ኅዳር ሃያ አንድ ለበዓሉ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እጥፋቱ እንዲፈታ ከሳሎኑ ወለል ላይ ዘረጋችውና ሕፃኑን ልታስከትብ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣች።

«አባ፣ አደራዎን» አለችኝ ከደጃፉ ዞር ብላ። «ነውር ሳያገኘው ይግባልኝ።»

«እጠብቀዋለሁ፤ ሂጂ» አልኋት።

ብቻዬን ስቀር አንድ በጎ ነገር የሠራሁ መሰለኝ። ካህናቱ በጸሎት እንዲያስቧት የክርስትና ስሟን በቁራጭ ብራና ጽፌ ከስጋጃው ጠርዝ ሥር ላሰፋላት አሰብሁ። ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁና ከስጋጃው ዳር ተቀመጥሁ። ደጁን ጉም ሸፍኖታል፤ ባጃጆቹም ሳይታዩ ድምፃቸው ብቻ ያልፋል። «ወለተ» ብዬ ጽፌ ለሚቀጥለው ቃል ብርዔን ሳነሣ፣ ጥቁሩን ቀንድ በቀኜ ተከልሁት። ሱፉ ለአፍታ አቅፎ አቆመው። ያን አፍታ በጥርባው ቤቴ ያለሁ መሰለኝ፤ አፈሩ ሸተተኝ፤ ባለቤቴም በጓዳ ዱቄት ስትነፋ የሰማሁ መሰለኝ። ከሱፉ በታች ግን ሲሚንቶ ነበረ። ቀንዱ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ቀስ ብሎ ተጋደመ።

ጥቁሩ በነጩ ላይ ያለ ድምፅ ሰፋ። የዘንገናን ሐይቅ ከአፋፉ ላይ ሆኜ ቁልቁል የማይ መሰለኝ፤ ክብ፣ ጥልቅ፣ ዝም ያለ። ያን ቀለም ከድስት ጥላሸትና ከሙጫ ቀምሜ፣ ለወራት አብላልቼ፣ የልጅ ልጆቻችን ሳይደበዝዝ ያነቡታል እያልሁ እመካበት ነበር። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬ ደካማ እንዲሆንልኝ ተመኘሁ።

ጎረቤታችን እታለማሁ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ስትገባ፣ በጉልበቴና በእጄ ተደግፌ አገኘችኝ።

«የኔታ፣ ስግደት ነው ወይስ የጠፋ ነገር ይፈልጋሉ?»

«ቀለም ደፋሁ።»

ጠጋ ብላ አየችና እጇን በአፏ ላይ ጫነች። «በስለቱ ላይ? ቆዩ፣ ውኃ ላፍላ። በረኪናም አለኝ።»

«ተዪው። በረኪና ሱፉን ይበላዋል እንጂ ጥላሸቱን አይነካውም። ትኩስ ውኃም አይሆንም።»

«ታዲያ ዳዊት ይደግሙለት?»

«እሱንም እደግማለሁ። አንቺ የገብስ ዱቄትና ቀዝቃዛ ውኃ አቅርቢልኝ።»

«እንግዲህ በሶ ሊጠጡበት ነው» አለች፤ ነገር ግን እየሮጠች አመጣችው።

ይህን የተማርሁት በተማሪነቴ የመምህሬን ኩታ አጥቁሬ ነው። ጥላሸት በውኃ አይሟሟም፤ ከጨርቁ ጋር አጣብቆ የያዘው ሙጫው ነው። ሙጫውን ቀዝቃዛ ውኃ ያላላዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥላሸቱ የሚይዘው ሌላ ነገር መስጠት ያስፈልጋል። አስቀድሜ በንጹሕ ጨርቅ ከዳር ወደ መካከል ጫን እያልሁ የረጠበውን አስመጠጥሁ፤ የሚያሽ ሰው ቀለሙን ያሰፋዋል። ቀጥሎ ሱፉን በጥቂቱ አርጥቤ፣ የሚያጣብቅ የገብስ ሊጥ በማንኪያ ጀርባ ጫንሁበትና አነሣሁት። ሊጡ ጠቁሮ ወጣ። ጣልሁት፤ ሌላ ጫንሁ።

በእያንዳንዱ ሊጥ አንድ መዝሙር ደገምሁ። እታለማሁ እየለወሰች ታቀብለኛለች። ጉሙ በተከፈተው በር ገብቶ ሳሎኑን የሞላው መሰለኝ። በዚያ ነጭነት ውስጥ በአርባ ዓመት የጻፍኋቸው ፊደላት ከሐይቁ ጥልቅ አንድ በአንድ እየወጡ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሊጡ ውስጥ ይገቡ ነበር። ሐይቁ ከአፋፉ ሸሸ፤ ኩሬ ሆነ፤ ከዚያም በጉም የተጋረደ ጥላ ብቻ ቀረ። ያ ጥላ ከዚያ ወዲህ ፈቀቅ አላለም።

ባጃጅ ከበራፉ ቆመ። ትዕግስት ሕፃኑን አቅፋ ገባች፤ የጠቆረውን ሊጥ አየች፤ እጄን አየች።

«ቀንዱን እንደ ጥርባው ወለል ተከልሁት» አልኋት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ለቄሰ ገበዙም ራሴ እነግራለሁ።»

ሕፃኑን ለእታለማሁ ሰጥታ ተንበረከከችና ጥላውን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ነውር ሳያገኘው ብዬ ነበር፣ አባ።»

«ብለሽኝ ነበር።»

«ስንት ጊዜ ጫኑበት?»

«እስከ አርባ ቆጥሬያለሁ።»

«ጉልበታቸው እስኪደርቅ» አለች እታለማሁ። «ሊጡስ ለሠርግ ይበቃ ነበር።»

ትዕግስት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዕንባዋ ቀደመው። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና የተጀመረውን ብራና አነሣች።

«ስሜ ወለተ ብቻ ሆኖ ይቅር? ይጨርሱልኝ። ቀንዱን ግን ብርጭቆ ውስጥ ያቁሙት።»

በማግሥቱ ነግሬያቸው ወደ ቤት የመጡት ቄሰ ገበዝ አሳምነው ጎንበስ ብለው ጥላውን መረመሩ። «እኛ ከምናንጠባጥበው የጧፍ ሰም ይልቅ ይህ ንጹሕ ነው፤ ይግባ» አሉ። ትዕግስትም አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፤ ጥላው ያረፈበት ጥግ እኔ ለማኅሌት ከምቆምበት ዓምድ ሥር እንዲነጠፍ።

በበዓሉ ጠዋት መቋሚያዬን ይዤ በባዶ እግሬ ቆምሁበት። ሱፉ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ከበሮው ሲመታ ሐይቅ ዳር የቆምሁ ያህል እግሬ ሥር ውኃ ተነቃነቀ፤ ከሴቶቹ በኩልም የልጅ ልጄ ድምፅ፣ እንደ እኛ ዜማ ሊያነሣ፣ ከፍ አለ።