ፍሪጅ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ሰዓዳ የሪሐብን ታይት ከቁርጭምጭሚቷ ጀምራ ወደ ላይ በመቀስ ስትቀደው፣ መቀሱ ጉልበቷ ጋ ሲደርስ አልገባ አለ። ያበጠው ሥጋ ጨርቁን ወጥሮታል።

«ኡሚ፣ ቀስ በይ! ፕሊስ!»

«ቀስ ብያለሁ የኔ ልጅ። አህመዲን፣ ምን ትገተራለህ? እግሯን ያዝልኝ እንጂ።»

አህመዲን ተንበርክኮ የልጅቷን ተረከዝ በሁለት እጁ ያዘ። ይፋጃል። ሰዓዳ መቀሱን አዙራ ከጎን በኩል ቀደደችው። ትናንት ማታ ከጉልበቷ በስተኋላ የነበረችው ቀይ ነጥብ ከምስር ፍሬ አትበልጥም ነበር። ሊነጋጋ ሲል፣ የጾሙ ሱሁር ላይ እንኳ ልጅቷ እያነከሰች መጥታ አብራቸው በልታ ተመልሳ ተኝታለች። አሁን ጉልበቱ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ቆዳዋ ዘይት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል።

«እንግዳችን ተመለሰ» አለች ሪሐብ ጥርሷን ነክሳ።

እንግዳ ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ናት። ሐኪሞቹ ስታፍ የሚሉት ባክቴሪያ ነው፤ ያውም አብዛኛው መድኃኒት የማይበግረው ዓይነት። መጀመሪያ ኦክቶበር ላይ በሪሐብ ብብት ሥር እንደ ተራ ብጉንጅ ወጣ። ተቀደደ፣ መግሉ ተጠረገ፣ ዳነች ተባለ። ዲሴምበር ላይ ጀርባዋ ላይ ወጣ። ቀጥሎ የአምስት ዓመቷ እህቷ የሳፋ አገጭ ላይ። ይኸው ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ።

በእነዚህ ወራት ዊልስደን በሚባለው ሰፈር ያለው ባለ ሁለት መኝታ ፍላታቸው የሰው ቤት መምሰል አቁሟል። አራት ፎጣ በአራት ምስማር ላይ ስም ተጽፎበት ተሰቅሏል። ማሽኑ አንሶላ በስልሳ ዲግሪ ሲያጥብ ይውላል፤ የኮሪደሩ ግድግዳ ከእርጥበቱ ብዛት ቀለሙን እየላጠ ነው። የሳፋ ጓደኛ እናት ልጇን መላክ ትታለች። ምክንያቱን አልተናገረችም፣ እነሱም አልጠየቋትም። ሰዓዳ ደግሞ ሰባት ዓመት የሠራችበትን የአረጋውያን መጦሪያ ለቀቀች። ማንም አላባረራትም። አንድ ቀን አንሶላ እያጠፈች «እዚያ ሽማግሌዎቹን ሳገላብጥ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ» አለች፤ በማግስቱ ደብዳቤዋን አስገባች።

ሳፋን ምድር ቤት ለምትኖረው ጎረቤታቸው ለሰናይት ሰጥተው፣ ሪሐብን አህመዲን ተሸክሞ ሚኒካብ ታክሲ የሚሠራበት መኪና የኋላ ወንበር ላይ አጋደማት። ሰዓዳ የልጅቷን ጭንቅላት ታፋዋ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«አባ» አለች ሪሐብ ዓይኗን ጨፍና፣ «አንተ ላይ ለምንድነው የማይወጣው?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ።»

«እኔ አውቃለሁ። ጺምህ ውስጥ ፍላት ይዟል። እኛ ካውንስሉ ቤት ይሰጠናል ብለን አሥር ዓመት ስንጠብቅ እሱ በአንድ ቀን አገኘ።»

ሰዓዳ ሳትፈልግ ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። «ምን አደረግኩሽ የኔ እናት» አለች የልጅቷን ፀጉር ወደ ኋላ እየመለሰች። «በገዛ እጄ ከሥራ ይዤልሽ መጣሁ።»

«ተይ ሰዓዳ።»

«ምኑን ነው የምተወው? አራታችንም የታዘዝነውን አድርገናል። አላደረግንም? ታዲያ ከየት መጣ?»

 ቀይ መብራት ላይ ቆመው ነበር። የአህመዲን ዓይን ከመሪው አልፎ የመኪናው ኪስ ላይ አረፈ።

እዚያ ውስጥ፣ ከመንጃ ፈቃዱና ከመሐረቡ ሥር፣ የአፍንጫ ቅባቱ ቲዩብ አለ። ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን ነበር ሆስፒታሉ ለአራቱም የሰጣቸው። አምስት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁሉም በአንድነት፤ እንግዳው ባልታመመ ሰው አፍንጫም ውስጥ ይደበቃልና። ገላ የሚታጠቡበት ሳሙናም ነበረው። ሰዓዳ በማስመሪያ አራት ዓምድ አስምራ፣ በየዓምዱ ራስ ላይ ስም ጽፋ፣ ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው። እሷ በእነዚያ ቀናት አልጾመችም፤ ሪሐብንም እንዳትጾም ከልክላታለች። አህመዲን ግን ጾሞ ነበር፤ መኪናው ውስጥ እንዳለ የቀትሩ ሰዓት ሲደርስ ቲዩቡን አወጣና ክዳኑን ከፈተ። በልጅነቱ ደሴ ቁርአን ቤት ሳለ ሼሁ ከሶላት በፊት ስለሚደረገው እጥበት፣ ስለ ውዱእ፣ ያስተማሩት ትዝ አለው። ጾመኛ ውኃ በአፍንጫው ሲያስገባ አጥብቆ አይስብም። ውኃ እንዲህ ከሆነ ቅባትስ? ክዳኑን ገጠመው። ማታ ካፈጠርኩ በኋላ እቀባለሁ አለ።

ማታ መንገድ ላይ በሦስት ተምርና በአንድ ጠርሙስ ውኃ ያፈጥርና ወዲያው ተሳፋሪ ይጠራዋል። ሲመለስ ደክሞታል። ሳሙናውንም አንድ ቀን ብቻ ነው የታጠበበት። አንድ ብጉንጅ እንኳ ወጥቶበት አያውቅም፤ ገላው ንጹሕ ነው። እንቅልፍ እየጣለው ፍሪጁ ፊት ይቆምና እስክሪብቶውን አንስቶ በራሱ ዓምድ ላይ ሦስቱን ምልክት በአንድ ጊዜ ያደርጋል።

ሆስፒታል እንደደረሱ ብዙ አላስጠበቋቸውም። ዶክተሯ ጉልበቱን በማሽን አየችና ኢንፌክሽኑ ወደ መገጣጠሚያው ሳይገባ አይቀርም፣ ዛሬውኑ ከፍተን ማጠብ አለብን አለች። ከቆየ አጥንቱን ይበላዋል፤ እግሯ እንደ ድሮው ላይታጠፍ ይችላል። ይህን ሁሉ የተናገረችው ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ነው።

«መቼ ነው የበላችው?»

«ሱሁር ላይ» አለች ሰዓዳ። «ከንጋት በፊት። ከዚያ ወዲህ ምንም አልቀመሰችም።»

«ጥሩ ነው። ማደንዘዣ ለመስጠት አንጠብቅም።»

ሪሐብ ወደ አባቷ ዞረች። «አየህ አባ? ጾሜ ሠራ።»

ሰዎች መጥተው አልጋውን እየገፉ ወሰዷት። አህመዲን እስከ በሩ ድረስ እጇን ይዞ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ልቀቅ ተባለ።

እነሱን ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቧቸው። ቤንጃሚን የሚባለው የኢንፌክሽን ነርስ ፎርም ይዞ ገባ። ባለፈውም መድኃኒቱን የሰጣቸው እሱ ነበር። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«እመቤት ሰዓዳ፣ ይቅርታ፣ እንደገና መጠየቅ አለብኝ። ባለፈው የሰጠኋችሁን ቅባት አራታችሁም ጨርሳችኋል?»

«ጨርሰናል። ይኸው።» ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። የፍሪጁን ወረቀት ፎቶ አንስታዋለች። ሁለት ጣቷን ዘርግታ አሰፋችለት። «ሪሐብ፣ ሳፋ፣ እኔ፣ እሱ። አምስት ቀን፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። አንድም ክፍት የለም።»

ቤንጃሚን ወረቀቱን ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ የሚጠነቀቅ ቤተሰብ ብዙ አላይም።»

አህመዲን ፎቶውን አየ። የሰዓዳ ምልክቶች አንዱ ጠማማ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ በሰማያዊ አንዱ በጥቁር ነው። የእሱ ሦስት ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። ይህን እንዴት ማንም አያይም?

«የቆየ የቆዳ ችፌ አለባት፤ የእሱንስ ቅባት ማን ነው የሚቀባት?»

«አባቷ» አለች ሰዓዳ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ፊቷ ትንሽ በራ። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ። ማታም ቢሆን፣ ሲነጋጋም ቢሆን፣ እሱ ካልቀባት አትተኛም። የእኔ እጅ ይሻክራታል አሉ።»

«የት የት ነው የሚቀባት?»

«ክንዷ መታጠፊያ ላይ። ከጉልበቷ በስተኋላ።»

ቤንጃሚን ጻፈ። አህመዲን እጁን አየው። የችፌውን ቅባት፣ እጅ እንዳይበክለው፣ በማንኪያ አውጡ ተብለው ነበር፤ እሱ ግን ማንኪያው እየቀዘቀዘ ልጅቷን ስለሚያስደነግጣት በጣቱ ነው የሚያወጣው።

«እንግዲህ አራታችሁም በትክክል አድርጋችሁ ከተመለሰ፣ ያ የአፍንጫ ቅባት አልሠራም ብዬ ነው የምጽፈው» አለ ቤንጃሚን። «ወደ ሌላ እንሄዳለን። የሚዋጥም ይኖራል፣ ለትንሿም ጭምር። ሆድ ያስቸግራል፣ ግን ምርጫ የለንም። ሌላው ደግሞ፣ ከውጭ እየመጣባችሁ ሊሆን ስለሚችል፣ አንቺ ትሠሪበት የነበረውን ቦታ ስም እፈልጋለሁ።»

ሰዓዳ አንገቷን ደፋች። ስሙን ፊደል በፊደል ነገረችው።

«አንዴ ስልክ ልደውል» ብሎ አህመዲን ወጣ።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንድ መስኮት አለ። ከሥሩ አምቡላንሶች ቆመዋል። ቶተንሃም ለሚኖሩት ለኡስታዝ ኢስሃቅ ደወለ።

«ኡስታዝ፣ ረበሽኩዎት?»

«ኧረ ምን ረበሽከኝ። ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ጾመኛ ሰው አፍንጫው ውስጥ መድኃኒት ቢቀባ ጾሙ ይፈርሳል?»

«ዑለማዎቹ ተለያይተውበታል። አያፈርስም ያሉ አሉ፣ ጉሮሮ ከደረሰ ያፈርሳል ያሉም አሉ። ለማን ነው?»

«ለእኔ። ለልጄ ሕመም ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ እንዲቀባ ታዘን ነበር።»

«ታዲያ ይህ ምን ያስጨንቃል? ትቀባለህ። ልብህ ካልረጋ ከረመዳን በኋላ ቀኑን ቀዷ ታወጣለህ። ስንት ቀን ነው?»

«አምስት።»

«አምስት ቀን!» ኡስታዙ ሳቁ። «በዲሴምበር ብትጾመው እኮ ቁርስህን ሳትናፍቅ ይመሻል። ማነው የከለከለህ?»

«ማንም አልከለከለኝም።»

«ማንን ጠየቅህ?»

አህመዲን መስኮቱ ላይ ግንባሩን አስደገፈ። መስተዋቱ ቀዝቃዛ ነው። ይህ ንግግር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በዚያን ቀን፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ስልኩ ከቲዩቡ አጠገብ ነበር። ያልጠየቀው፣ ተቀባ እንዳይሉት ፈርቶ መሆኑን አሁን አወቀው። የቀኑን በጾሙ አመካኘ። የማታውን በምን ያመካኛል?

«ማንንም አልጠየቅኩም፣ ኡስታዝ።»

 «ልጅህ እንዴት ናት?»

«ኦፕራሲዮን ላይ ናት።»

«አላህ ያሽራት። በል ስልኩን ዝጋና ወደ እናቷ ሂድ።»

እሱ ግን መጀመሪያ ወደ መኪናው ወረደ። ሲመለስ ቤንጃሚን ፎርሙን ሊፈርም እስክሪብቶውን ይዟል። ሰዓዳ ጥግ ላይ ተኮራምታ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። አህመዲን ቲዩቡን ፎርሙ ላይ አስቀመጠው።

ቤንጃሚን ቀና ብሎ አየው። ሰዓዳ ግን ከወንበሯ ተነስታ ቲዩቡን አነሳችውና በአውራ ጣቷ ተጫነችው። የእሷ ቲዩብ ቀድሞ አልቆ፣ የመጨረሻውን ቀን ከሥሩ እየጠቀለለች እንደ ጥርስ ሳሙና ጨምቃ ነው የጨረሰችው። ይሄኛው ጣቷን መልሶ ገፋት።

«የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ምልክት አድርገሃል እኮ።»

«አድርጌያለሁ።»

«ስንት ቀን ነው የተቀባኸው?»

«ሁለት ቀን፣ ማታ ብቻ። እሱም እርግጠኛ አይደለሁም።» ከዚያ ወደ ቤንጃሚን ዞሮ በእንግሊዝኛ ደገመው፣ ሳሙናውንም፣ ጣቱንም ሳይደብቅ። «ቅባቱ አልሠራም ብለህ አትጻፍ። እኔ ነኝ ያልተቀባሁት። የእሷንም የሥራ ቦታ ሰርዘው።»

ቤንጃሚን ፎርሙን አጠፈ። አልተቆጣም። «ናሙና ከአፍንጫህ እወስዳለሁ» አለ፣ «ከዚያ ሁላችሁም ዛሬ እንደገና ትጀምራላችሁ» ብሎ ዕቃውን ሊያመጣ ወጣ።

ሰዓዳ ቲዩቡን እንደያዘች ቆማለች። ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«እኔ እኮ ሥራዬን ለቀቅኩ» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትነግር ሁሉ። «ስሰናበታቸው አንዲቷ አሮጊት አለቀሰች። አንተ ይህን እያወቅህ ራት በላህ።»

«ሰዓዳ...»

«ዝም በል። ልጄ ትውጣልኝ።»

ቤንጃሚን ተመልሶ ከአፍንጫው ናሙና ወሰደ፤ ስማቸው የተጻፈበት አራት አዲስ ቲዩብ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሪሐብን አመጧት። ጉልበቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ከሥሩ ቀጭን ቱቦ ወጥቷል። ዶክተሯ ብዙ መግል አወጣን፣ አጥንቱን ግን ገና አናውቅም፣ ነገ ደግመን ልንከፍተው እንችላለን አለች። ሪሐብ ዓይኗን በግማሽ ከፍታ ክፍሉን ፈለገች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«አባ» አለች። «ክንዴን ያሳክከኛል። ቅባኝ።»

እጇን ዘረጋችለት። የክንዷ መታጠፊያ ቀልቷል፤ የችፌው ቅርፊት ላይ አዲስ የጭረት ደም ይታያል። አህመዲን እጁ በልማድ ወደ እሷ ሄደ። ሳይደርስ ቆመ። ሰዓዳ እጁን እያየችው ነው።

«አንቺ ያዣት» አለ።

ሰዓዳ የልጅቷን እጅ ተቀበለች። አህመዲን ግድግዳው ጋ ወዳለው መታጠቢያ ሄደ። እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና አሸ፣ ታጠበ፣ አደረቀ። ስሙ የተጻፈበትን አዲስ ቲዩብ ከላስቲኩ አውጥቶ ክዳኑን ከፈተ። ሰዓዳ ዞራ አላየችውም፤ የክዳኑን መከፈት ግን ሰምታለች። ጾሙ እስኪፈታ፣ ለማግሪብ፣ ገና ሦስት ሰዓት ይቀራል። አህመዲን የቲዩቡን ጫፍ አፍንጫው ውስጥ አስገባና ጨመቀው።