የአማትና የአማች ወገብ

ወይዘሮ ወሰንየለሽ የወገባቸውን ነገር ለሰው መንገር አይወዱም። ከወገባቸው ተነሥቶ በቀኝ ታፋቸው አልፎ፣ ባታቸውን እየነዘረ እስከ አውራ ጣታቸው የሚወርደውን ሕመም ሁለት ክረምት ችለውታል። ጥቂት ሲራመዱ እግራቸው ይደነዝዛል፤ ጎንበስ ሲሉ ይለቃቸዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ በያዛቸው ቁጥር የወደቀ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ያጎነብሳሉ። "ምን ጠፋዎት?" ሲባሉ፣ "መርፌ" ይላሉ። በመንዝ ምድር የእሳቸውን ያህል መርፌ የጠፋበት ሰው የለም።

እንዲህ የሚደብቁት በልጃቸው ባል በአባይነህ የተነሣ ነው። አባይነህ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ የሚነዳ ወጣት ነው። ባለፈው አጨዳ የገብስ ነዶ ተሸክሞ ሳለ "ወገቤን!" ብሎ ቢጥለው፣ ወይዘሮ ወሰንየለሽ በጎረቤት ፊት፣ "ወገብ የሚያመው ያረጀ ሰው ነው፤ እኔ እንኳ ገና ነኝ!" ብለውታል። ከዚያ ወዲህ እሱም ስለ ወገቡ ትንፍሽ አላለ፣ እሳቸውም ቃላቸውን ማጠፍ አልሆነላቸውም።

አንድ ቀን ባሰባቸውና ልጃቸውን አማከለችን "ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብለው መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ መርምሮ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላካቸው። በሩን ገፋ አድርገው ቢገቡ፣ ጠዋት "ጎማ ላስለጥፍ" ብሎ ከቤት የወጣው አማቻቸው ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተዘርግቷል።

ተያዩ። እንደ አገሩ ወግ አንቱ የሚባባሉ፣ አንዱ ባለበት ሌላው ጮክ ብሎ የማያስነጥስ አማትና አማች ናቸው።

"ጎማው ተለጠፈልዎት?" አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።

"በመለጠፍ ላይ ነው። ገበያው እንዴት ዋለ?" አለ አባይነህ አንገቱን ቀና አድርጎ።

ባለሙያዋ መሲ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሁለቱንም አስረዳቻቸው። "እማማ፣ የእርስዎ ነርቭ የሚያልፍበት ቀዳዳ በዕድሜ ጠቧል። ጎንበስ ሲሉ ሰፋ ይላል፤ ስለዚህ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ይሳቡ። የእሱ ግን በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ ነርቩን ተጭኖታል። መቀመጥና ማጎንበስ ያባብስበታል፤ እሱ በሆዱ ተኝቶ በክንዱ ደረቱን ቀና ያድርግ። ሕመሙ አንድ ቢመስልም መንገዱ ለየቅል ነው። ኪኒኑ ያስታግሳል፤ እንቅስቃሴው ግን እንዳይቀር።"

በሚኒባሱ ሲመለሱ ተማማሉ፤ አማከለች አትሰማም። ከዚያ በኋላ እሷ ዘወር ባለች ቁጥር ሁለቱ ጭድ የሚከማችበት ጎጆ ገብተው፣ ፊታቸውን ወደየግድግዳቸው አዙረው እንቅስቃሴውን ይሠሩ ጀመር።

ጥቂት ሳምንት እንደ ሄደ ግን ወይዘሮ ወሰንየለሽን ጥርጣሬ ገባቸው። መሲ ፈዋሹን እንቅስቃሴ ለወጣቱ ሰጥታ ለእሳቸው የተረፈውን የጣለችላቸው መሰላቸው። አባይነህም በበኩሉ የአማቱን አተኛኘት በዓይኑ ጥግ እያየ ይቀናል።

"ለዛሬ ብንለዋወጥስ?" አሉ እሳቸው።

"እኔም አፍሬ ነው እንጂ ልልዎት ነበር።"

ወይዘሮ ወሰንየለሽ በሆዳቸው ተኝተው ደረታቸውን ብድግ ሲያደርጉ ወገባቸው ቀጥ አለ፤ እሳት የመሰለ ነገር እስከ ተረከዛቸው ወረደ። አባይነህም ጉልበቱን አቅፎ እንደ ተገለበጠ ጢንዚዛ ቀረ።

"አንተ ልጅ! ና አንሣኝ!" ጮኹ። አንቱታው እዚያው ጭዱ ውስጥ ቀረ።

"እኔንስ ማን ያንሣኝ?"

አማከለች ለካ ሰንብታለች ነገሩን ስትከታተል። እናቷና ባሏ በስውር ጎጆ ሲገቡ ስታይ ለዛር ጨሌ አስቀምጠው የሚገብሩ መስሏት፣ የንስሐ አባታቸውን አባ ፍቅረ ሥላሴን ይዛ መጥታ ነበር። ጩኸቱን ሲሰሙ በሩን በርግደው ገቡ። ደረታቸውን ቀና አድርገው እንደ እባብ እፍ እፍ የሚሉትን ባልቴት ሲያዩ፣ አባ ፍቅረ ሥላሴ "በስመ አብ ወወልድ!" ብለው መስቀላቸውን መዘዙ።

"አባ፣ እሱን ኋላ እሳለመዋለሁ፤ አሁን እጅዎን ይስጡኝ!" አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።

አማከለች ነገሩ ሲገባት ሳቋ አላስቆም ብሏት ጭዱ ላይ ቁጭ አለች። ኋላም ባሏን በአንድ ወገን፣ እናቷን በሌላ ወገን ደግፋ ወደ ቤት አስገባች። እራት ስታቀርብ ግን ኩርፊያዋ መጣ። "ለእኔ ያልተነገረ ወገብ ለማን ሊነገር ነው?" አለች። አማትና አማች እንደ ተቀጣ ተማሪ አቀረቀሩ።

በማግስቱ መሲ ዘንድ ይዛቸው የሄደችው ራሷ አማከለች ናት። መሲ ሰምታ ስታበቃ፣ "መነጽርም ትዋዋሳላችሁ?" ብላ ገሠጸቻቸው። ከዚያ በኋላ በየራሳቸው መንገድ፣ በአማከለች ተቆጣጣሪነት፣ በአደባባይ ሠሩ። አባይነህ መንገድ ሲረዝም ሚኒባሱን አቁሞ ይንጎራደዳል፤ ተሳፋሪ ያጉረመርማል፣ እሱ አይሰማም። ወይዘሮ ወሰንየለሽን ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ በብርድ ቀን ዛሬም ይነዝራቸዋል። ቢሆንም ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እያረፉ እስከ ጓሳው ሣር ሜዳ ጫፍ ይደርሳሉ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ፍቅረ ሥላሴ በቅጥሩ ወዳለው ጽድ ጥላ ጠሯቸው። ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ አንድ የማውቀው ካህን አለ፤ ማኅሌት ላይ ሲቆም ከወገቡ እስከ ባቱ ይወርድበታል። እንዲያው... በሆድ ነው በጀርባ የሚተኛው?"

"ያ ካህን ራሱ ይታይ እንጂ፤ እኔማ ተምሬበታለሁ" አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።

ማክሰኞ ያ ካህን በአባይነህ ሚኒባስ የፊት ወንበር ላይ ተሰየመ። ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቃቸውን ዲያቆን አባ ፍቅረ ሥላሴ "ለቤተ ክህነት ጉዳይ ነው" አሉት። ከኋላ የተቀመጡት ወይዘሮ ወሰንየለሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው፣ መሐል ሜዳ እስኪደርሱ ድረስ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሄደ።