ቶሎ የሚቀልጥ ብረት

አባቴ አቶ እንደሻውና ባለቤቴ ለገሠ ከተኳረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ኩርፊያው ለእነሱ አልከበዳቸውም፤ የከበደው መሀል ላይ ለተቀመጥኩት ለእኔ ለገላነሽ ነው። እናቴ በለጡ ስታርፍ ለገሠ የጦሩ ሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ኦጋዴን ነበር። ፈቃድ ተከልክሎ ለቀብር አልደረሰም፣ ለአርባዋም አልደረሰም። አባቴ በለቅሶዬ ያልቆመ ሰው ምኔም አይደለም አሉ። ሽማግሌ ብንልክባቸው ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ ነገሩን ሳያስነሡ በክብር ሸኟቸው።

እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። አባቴ ያልተገኙበት ክርስትና ለእኔ ክርስትና አይደለም፤ እሳቸው ግን የለገሠን ቤት ደፍ እንደማይረግጡ በጊዮርጊስ ምለዋል። ሆዴ በገፋ ቁጥር ጭንቀቴም አብሮ ይገፋ ነበር።

ለገሠ ከጦሩ ተሰናብቶ ሐረር ሸዋ በር አጠገብ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፍቷል። በ1962 ዓ.ም. ሬዲዮውን የጠገነለት አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ለስንብት ሳጥን ሰጠው። ውስጡ የሚገጣጠም ትንሽ ባቡር ነበር። ውሃ የሚፈላበት ቦይለሩ፣ ጭስ ማውጫው፣ የነጂው ክፍል፣ ሁሉም ከነጭ ብረት የተሠራ ነው፤ ትልቁ ክፍል እንኳ ከጣት ብዙም አይበልጥም። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በድሬዳዋ መስመር የእንፋሎት ባቡር የነዱ ሰው ናቸው። ለገሠ ሳጥኑን ሲከፍት ፊቱን አይቼ ሐሳቡን አወቅሁ። ሠርቶ ሊሰጣቸው ነው፤ ሽማግሌ ያልቻለውን ብረት ይችለው እንደሆነ።

ነጩ ብረት ግን አመለኛ ነው። እርሳስና ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የተሠራ ስለሆነ፣ የሬዲዮ መበየጃ ትንሽ ከቆየበት መበየዱን ትቶ ራሱ ይፈሳል። ከሱ ቀድሞ የሚቀልጥ ለስላሳ እርሳስ በሳጥኑ ውስጥ አብሮ መጥቷል፤ ብልሃቱ መበየጃውን በእርጥብ ጨርቅ እያበረዱ ያንን ብቻ ማቅለጥ ነው። ባሌ ይህን ብልሃት ያወቀው ጭስ ማውጫውን ካቀለጠው በኋላ ነው። እንደ ቅቤ ነው የሟሟው። ለገሠ አገጩን ይዞ የቀረችውን ጠብታ ሲያይ ሳቄ መጣ፤ አንጀቴንም በላኝ። ያን ቀን ካገባሁት ቀን ይልቅ ወደድኩት ብል አላፍርም።

በማግስቱ ፈላና በር ወዳለው አባቴ ቤት ሄጄ፣ ለገሠ ጭስ ማውጫ የሌለው ባቡር እየሠራ መሆኑን እንደ ዋዛ ጣል አደረግሁ። ነገሩ እንደገባቸው ያወቅሁት ባርኔጣቸውን ሲያነሡ ነው። ሱቅ ቤት እንዳልሆነ፣ መሐላቸውም ስለ ቤት ብቻ እንደነበረ መንገድ ላይ ደጋግመው አስረዱኝ። እኔም አዎ እያልኩ ተከተልኳቸው፤ ይህን ለጊዮርጊስ ማስረዳት የእሳቸው ፋንታ ነው።

ሱቁ ገብተው ለገሠን ሳያዩ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ያሰቡትን ለእኔ ይነግሩኛል፣ እኔ ለለገሠ እነግራለሁ፤ ያውም እጅ ለእጅ በምታገናኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ። የቀለጠችው ጠብታ ለአዲስ ጭስ ማውጫ ትበቃለች አሉ። ከደረቀ ጭቃ ቅርጽ ፈልፍለው ራሳቸው አፈሰሱት። ጠመም ብሎ ወጣ። እሳቸው የነዱት ባቡር ጭስ ማውጫም ጠማማ ነበር አሉን፤ እኔ አላመንኩም።

የቀረው ቦይለሩን ከታችኛው አካል ጋር መበየድ ነበር። ቀድሞ የተበየደው በሙቀቱ እንዳይላቀቅ አንድ ሰው በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ መያዝ አለበት። የለገሠ አንድ እጅ መበየጃ፣ ሌላው እርሳስ ይዟል። እኔን ሆዴ ወደ ጠረጴዛው አያስጠጋኝም። አባቴ ጨርቁን አነሡ። ለገሠ ወደ ግራ ጥቂት እንዲያስጠጉለት እንድነግራቸው ነገረኝ፤ እኔ ነግሬ ሳልጨርስ እርሳሱ ረጋና ቦይለሩ ተንጋዶ ቀረ። አላቅቀው እንደገና ጀመሩ። አሁን ደግሞ አባቴ መበየጃውን እንዲያበርደው እንድነግረው ነገሩኝ፤ አፌን ስከፍት የቦይለሩ ጠርዝ መላላት ጀመረ።

"ለገሠ፣ አንሣው!" አሉ አባቴ።

አነሣው። ጠርዙ ተረፈ። ስሙን ከአፋቸው ሳልሰማ ስለከረምኩ እንባዬ መጣ። ለገሠ መበየጃውን አስቀምጦ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

"አባባ፣ የእማማ በለጡን መርዶ የተቀበልኩት እኔው ነኝ። ከሐረር ሲተላለፍ ማዳመጫው እኔ ጆሮ ላይ ነበር። በእጄ ጻፍኩት።"

ይህን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። በማለዳ ነው፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ተቀምጦ።

አባቴ ጨርቁን እንደያዙ ወደ ለገሠ ዞሩ።

"መልእክቱን እንዲልኩልኝ ጦር ሠፈር ሄጄ የለመንኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሰው ሰብስበው ያረዱታል ብዬ ነበር። ማን ነበር አብሮህ?"

"ማንም አልነበረም።"

ጨርቁን አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በእናቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጡት አድርገው ተቀመጡ፤ ከጎናቸው ለሰው ቦታ ትተው። ለገሠ ገባው። እስከ በሩ ሄዶ፣ ከውጭ እንደሚገባ ለቀስተኛ አጎንብሶ ተመለሰና "እግዜር ያጥናዎ፣ አባባ" አለ።

አባቴ እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡትና ሁለቱም አለቀሱ። እኔማ ቀድሜያቸው ነበር። ሬዲዮ ታቅፎ የመጣ ደንበኛ በሩ ላይ ግራ ገብቶት ሲቆም፣ ለቅሶ ላይ መሆናችንን ነገርኩት። ሰውየው ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቅ ሬዲዮውን መሬት አስቀምጦ ከእኛ ጋር ተቀመጠ።

እሱ ከሄደ በኋላ አባቴ ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ የክርስትናው ዕለት ከደፉ ውጭ፣ ደጅ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። የጠየቁት እኔን አልነበረም፤ ራሱን ለገሠን ነው።