አንሶላው ላይ የተጣራው ሰው

ፊልም ሠሪው ስለ መንደሩ ሰዎች የሠራውን ፊልም እንደጨረሰ መጀመሪያ ያሳየው ለራሳቸው ነበር። ማዕድን አውጪው ኩባንያ መሬታቸውን ሊቆፍር ሲመጣ መንገድ ዘግተው የተሟገቱት እነሱ ናቸው። ኩባንያው በመጨረሻ ለቆ ሄደ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሰው ግን በግፊያው ገደል ገብቶ ሞቷል። ድምፁ ስለሚያስገመግም «ነጎድጓድ» ይሉት ነበር።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነጭ አንሶላ ተወጠረ፤ መብራቱም ጠፋ። ነጎድጓድ ከኩባንያው ዶዘር ፊት ቆሞ ታየ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞር ብሎ፣ «አንቺ! ልጆቹን ይዘሽ ውጪ እንጂ!» ሲል ተጣራ።

«አቤት! መጣሁ!» አለች ሚስቱ ከኋላ ወንበር። ተነሥታም ወደ አንሶላው መራመድ ጀመረች።

ፊልም ሠሪው ደንግጦ ፊልሙን አቆመው። የሟቹ አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

«ምነው አቆምከው ወንድሜ? ነገሩን አልጨረሰም እኮ» አለችው።

«እትዬ፣ ከዚህ በኋላ እሱ የለበትም።»

መዳፏን ቀስ ብላ አንሶላው ላይ አሳረፈች።

«ያን ዕለት ሲጠራኝ አልሰማሁትም ነበር» አለች።

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። ከፕሮጀክተሩ የሚፈነጥቀው የባሏ ፊት ፊቷ ላይ አርፎ ነበር፤ መብራቱን ለማብራት የደፈረ ሰው አልተገኘም።